አባ ዳኘው፤ ዐፄ ምኒልክ በዳኝነት ወንበር

አዲስ አበባን በስተሰሜን የሚከልለው ጋራ ከየካ ከፍታዎች አንሥቶ እስከ እንጦጦ ድረስ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። በዚሁ ጋራ ራስ ላይ፣ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠራ፣ የንጉሥ መኖሪያ ነበር ቢሉት ለማመን የሚያዳግት አሮጌ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ጐብኚ ወደዚያ ሲወጣ በአብዛኛው የሚያስታውሰው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በማርያም ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን የንግሥ በዓል ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተከተለውን የዐድዋ ዘመቻ ነው። ለሕግ ባለሙያ ግን ሥፍራው ሌላም ትዝታ አለው። ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ፣ የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጋር ቋጥሮ ወደ ንጉሥ የሚጓዘው ባለጉዳይ፣ ቤተ መንግሥቱ በዚያ በነበረበት ዘመን የመጨረሻውን ፍርድ የሚጠብቀው ከዚያ ዳገት ላይ ነበር።

በቀድሞው ልማድ ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ ሲባሉ፣ የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ስም አባ ዳኘው ነበር። ያንዱ ስም መታጠቅን፣ የሁለተኛው መበዝበዝን ሲያሰማ፣ የሦስተኛው ዳኝነትን ያሰማል። የፈረስ ስም የጦር ሜዳ ስም ነውና ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ስለ ባለቤቱ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ስማቸው በዘመናቸው ከዳኝነት ጋር የቱን ያህል ተጣምሮ እንደ ነበር ለማየት፣ ተከራካሪ ሁሉ ባላጋራውን የሚያስቆመው በምኒልክ አምላክ እያለ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል።

በሙያ ባልደረቦቻችን መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በሌሎች አገሮች በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ክርክር አንዳንድ ጊዜ ውሳኔ የሚሰጠው ጁሪ ነው፤ ይኸውም ከተራው ሕዝብ ተመርጦ፣ ምሎ የሚቀመጥ የፈራጆች ጉባኤ ነው። በእኛ ፍርድ ቤቶች ይህ የለም። ታዲያ የኢትዮጵያ ሕዝብ በፍርድ ሥራ ድርሻ ኖሮት አያውቅምን? ጥያቄውን በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከመመለስ ይልቅ፣ የቀድሞው ሥርዓት ወደ አዲሱ በተሻገረበት ዘመን በዳኝነት ወንበር የተቀመጡትን የአንድ ሰው ሕይወት መከተል የሚሻል መስሎ ታይቶኛል።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩ ጊዜ ሲሞቱ፣ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት አልጋ ወራሽ ተማርከው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ተወሰዱ። ቴዎድሮስ ልጁን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ከጊዜ በኋላ ግን መቅደላ አምባ የእስረኞች መከማቻ ሆነ። ምኒልክ በዚያ ሳሉ የንጉሥ ቃል ብቻውን ሕግ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለማየት በቂ ጊዜ ነበራቸው። በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው በወሎዋ ባላባት በወይዘሮ ወርቂት ግዛት ሲያልፉ፣ ወይዘሮዋ መንገዱን ስለ ለቀቁላቸው በመቅደላ በመያዣነት የነበረው ልጃቸው በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። በዚያ ቀን ከሳሽና ተከሳሽ አልቆሙም፤ የሌላ ሰው ሥራ በእርሱ ላይ ተቈጠረበት። ሸዋ ገብተው የአባታቸውን አልጋ የያዙት ወጣት ይህን ዕዳ ተሸክመው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የፖለቲካ ታሪካቸው በሰፊው የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ላይ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ገብረው የሸዋ ንጉሥነታቸው ጸናላቸው። በዚያው በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ኮረብታው ለመከላከያ የሚመች፣ ነገር ግን ብርዱ የሚከብድ፣ ማገዶና ውሃ የሚያስቸግርበት ቦታ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አጠገብ አዲስ አበባ ስትቈረቈር ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ቤተ መንግሥቱ ሲወርድ ችሎቱም አብሮ ወረደ፤ የችሎቱ ሥርዓት ግን አልተለወጠም።

ያ ሥርዓት እንዲህ ያለ ነበር። ንጉሡ በዙፋን ችሎት ሲቀመጡ መኳንንቱ፣ ሊቃውንቱና ወምበሮች እየተባሉ የሚጠሩት ዳኞች በየማዕርጋቸው በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ። ከንጉሡ በታች ያለው ከፍተኛ ዳኛ አፈ ንጉሥ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን በማዕርግ ለብሰው፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገታሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። ምስክር ተሰምቶ ክርክሩ ካበቃ በኋላ ፍርድ የሚሰጠው ከላይ ወደ ታች አልነበረም። አስተያየት መስጠት የሚጀምረው በማዕርግ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ይናገራል፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጉሡ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ያሰበውን ለመናገር አይደፍርም።

ይህ ደንብ በሙያችን ዓይን ሲታይ ቀላል ነገር አይደለም። በዛሬ ዘመን ከአንድ በላይ ዳኞች በሚያስችሉባቸው ብዙ ፍርድ ቤቶች የድምፅ አሰጣጡ ከታናሹ ዳኛ እንዲጀምር የሚደረገው በዚያው ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ችሎቱ የሕግ ትምህርት ቤት ነበር። የሕግ ፋኩልቲ ባልነበረበት ዘመን፣ ፍትሐ ነገሥቱን የሚያነቡትና የሚተረጕሙት ሊቃውንት ጥቂት በነበሩበት አገር፣ ሙግትን ሰው የሚማረው ቆሞ በማዳመጥ ነው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በሸዋ ቤተ መንግሥት ያደጉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ሕዝብ የሚያውቃቸው በጦር ዐዋቂነታቸው ብቻ ሳይሆን በፍርድ ዐዋቂነታቸውም ነበር።

የሕዝቡ ድርሻ በቤተ መንግሥት ብቻ አልተወሰነም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ፣ አንደኛው በንጉሡ ስም አስቁሞ መንገደኛውን ዳኛ ሁነን ማለት ይችል ነበር። የተጠራው ሰው ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሁለቱን ያዳምጣል። በአካባቢው ያለው ሰው ይሰበሰባል፤ የሰማውን ይመዝናል፤ ጣልቃ እየገባም ይናገራል። በመንገድ ዳኛው ፍርድ ያልረካ ወደ አገሩ ሹም፣ ከሹሙ ወደ አገረ ገዢው፣ ከዚያም ወደ ወምበሮችና ወደ አፈ ንጉሡ እያለ እስከ ዙፋኑ ይግባኝ ይላል። አበዳሪና ተበዳሪም ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በቁራኛ ተያይዘው አንድ ላይ ይውላሉ፣ አንድ ላይ ያድራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ወንጀልና ፍትሐ ብሔር ዛሬ እንደምናውቀው በሁለት መዝገብ የተለያዩ አልነበሩም። የሰው ነፍስ የጠፋበት ነገር ሳይቀር በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በሟች ዘመዶች ክስ ነው። ነፍሰ ገዳይነቱ ሲረጋገጥ ደም መላሾቹ የደም ዋጋ ተቀብለው መታረቅ ወይም ሞቱን መጠየቅ ይችሉ ነበር። የሞት ፍርድ ግን ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ውሳኔ አይፈጸምም። ስለዚህ ጁሪ በወንጀል ነው ወይስ በፍትሐ ብሔር የሚገባው የሚለው የዛሬ ጥያቄ ለአባ ዳኘው ችሎት እንግዳ በሆነ ነበር፤ የችሎቱ ታዳሚ በሁለቱም ይናገር ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ለጁሪ ጥንታዊ መልክ የሚቀርበው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለው ልማድ ነው። ማን እንዳደረገው ያልታወቀ ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ ሰዉ የሚያውቀውን እንዲናገር በመሐላ ይያዛል። የሚናገረው ሰው በቀልን ቢፈራ ወፍ በሚባለው ምስጢራዊ አመልካች በኩል ስሙን ሳይገልጽ ይጠቁማል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሩ በአንድነት ይከፍላል። የእንግሊዝ ጁሪም ሲጀመር እንዲህ ነበር፤ መሐለኞቹ ስለ ነገሩ ምንም የማያውቁ ገለልተኞች ሳይሆኑ፣ በአካባቢያቸው የሆነውን ያውቃሉ ተብለው የተጠሩ ጎረቤቶች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1215 የላተራን ጉባኤ ቀሳውስት በእሳትና በውሃ ፈተና እንዳይሳተፉ ከከለከለ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር የመለኮትን ፍርድ ቦታ የተካው የጎረቤቶቹ ቃል ነው። በእኛም አገር ከአፈርሳታው ጎን ሌባሻይ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በገመድ ተይዞ እየተመራ የገባበት ቤት የሌባ ቤት ነው ይባል ነበር። ከሁለቱ የትኛው ለእውነት እንደሚቀርብ አንባቢ ይፈርዳል።

ይሁን እንጂ መመሳሰሉን ከመጠን በላይ ማጋነን አይገባም። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ከባድ ወንጀል በከፍተኛው የወንጀል ፍርድ ቤት ሲታይ አሥራ ሁለት መሐለኞች ይቀመጣሉ፤ በፍትሐ ብሔር ግን ጁሪ የሚገኘው እንደ ማጭበርበር፣ ያለ ሕግ ማሰርና በክፋት መክሰስ በመሳሰሉ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥቱ ራሱ በከባድ ወንጀል የጁሪን መብት ከማረጋገጡም በላይ፣ ከሃያ ዶላር በላይ በሆነ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ክርክርም በጥንቱ የኮመን ሎው ደንብ መሠረት ይህንኑ መብት ይጠብቃል። ፈረንሳይ ደግሞ በከባድ ወንጀል የሕዝብ ተወካዮችን ከዳኞች ጋር አንድ ላይ ታስቀምጣለች፤ በፍትሐ ብሔር ግን ጁሪ የላትም። የእንግሊዙና የአሜሪካው ሥርዓት አንድ ጠባይ አለው፤ ሕጉን ዳኛው ይናገራል፣ ፍሬ ነገሩን ጁሪው ይወስናል፣ ጁሪው በነጻ የለቀቀውን ተከሳሽ ዳኛው ጥፋተኛ ማለት አይችልም። በዙፋን ችሎት ግን ከታች የተነሣው ድምፅ ሁሉ ምክር ነው። ንጉሡ ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ሊተዉትም ይችላሉ። ድምፁን የሚያስር ሕግ፣ ተናጋሪውን ከቁጣ የሚጠብቅ ዋስትና አልነበረም።

ሌላም ልዩነት አለ። ጁሪ በተከሳሹ እኩዮች መፈረድን ይጠይቃል። ምኒልክ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ባስፋፉት ግዛት ግን ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ የዘመተው ሹም ነበር፤ የችሎቱ ቋንቋም ባለጉዳዩ የማያውቀው አማርኛ ነበር። ለሸዋ ገበሬ የሕዝብ ሸንጎ የሚመስለው ጉባኤ፣ መሬቱ ለተወሰደበት ባላገር የባለ ጠመንጃ ሸንጎ ነው። የአባ ዳኘውን ችሎት የምናደንቅ ከሆነ ይህንንም መናገር ግዴታችን ነው።

የችሎቱ ጠባይ እጅግ የተፈተነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ ነው። የተማረኩት ጣልያኖች እንደ ጦር ምርኮኛ ተይዘው፣ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ በ1889 ዓ.ም. ከተፈረመው የአዲስ አበባ ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለጣልያን የተዋጉት የአገር ተወላጅ አስካሪዎች ዕጣ ግን ሌላ ነበር። ነገሩ ለምክር ሲቀርብ መኳንንቱና የቤተ ክርስቲያን አባቶች እንደ ከሐዲ አዩአቸው፤ ለክህደትም የኖረው ቅጣት ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መቁረጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጀመሪያ እንዳመነቱ፣ በኋላም ለብዙዎቹ ድምፅ እንደ ተሸነፉ የጻፉ አሉ። ቅጣቱ ተፈጸመ፤ የተቀጡት 800 ያህል እንደ ነበሩም ይነገራል። ብዙዎቹ በደም መፍሰስ ሞቱ።

ለሕግ ባለሙያ ከዚህ የሚከብድ ምዕራፍ በዚህ ሕይወት ውስጥ የለም። በመቅደላ የአንድ ሰው ቁጣ ያለ ክርክር ሲገድል አይተናል። በዐድዋ ማግስት ደግሞ ምክር ተሰምቷል፣ ብዙዎች ተናግረዋል፣ ዳኛውም በመጨረሻ ነው የተናገሩት። የሥርዓቱ ቅርጽ አልጎደለም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ቅጣቱ የወደቀው በጅምላ ነበር። ማን ወዶ ዘመተ፣ ማን በረሀብ ተገዶ፣ ማንስ የተወለደበት መሬት በጣልያን እጅ ስለወደቀ ብቻ የሚሉት ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ሰው አልተለዩም። ድምፅ የሰጡትም ወንድምና ልጅ በውጊያው የጠፋባቸው ነበሩ። ዛሬ ጁሪ ባለበት አገር ጠበቃ በጉዳዩ የተነካን ሰው ከመሐለኞቹ ዝርዝር እንዲወጣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የሕዝብ ድምፅ ከአንድ ሰው ቁጣ ያድናል፤ ከራሱ ከሕዝቡ ቁጣ የሚያድነው ግን ሥነ ሥርዓት ነው።

ምኒልክ በዘመናቸው መጨረሻ ወደ ሥነ ሥርዓቱ ፊታቸውን መልሰዋል። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ ለብዙ ጊዜ በችሎታቸው ያገለገሉትን አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አደረጓቸው። በየክፍሉ ዳኞችና ጸሐፊ እንዲመደቡ፣ ፍርድም እንዲጻፍ ታዘዘ። የጸሐፊው መጨመር ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በላ ልበልሃ የቃል ሙግት ነውና፣ የዳኛው ምክንያት ከአፉ ሲወጣ አየር ይበላዋል፤ ሲጻፍ ግን ይግባኝ ሰሚው ይመረምረዋል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው ውል ደግሞ በኢትዮጵያዊና በፈረንሳይ ዜጋ መካከል የሚነሣ ክርክር በኢትዮጵያዊ ዳኛና በቆንስሉ ወኪል ፊት እንዲታይ ተስማሙ። የውጭ አገር መንግሥታት ዜጎቻቸውን ለአገሪቱ ችሎት ብቻ ለመተው እንዳልፈለጉ ከዚህ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ነገሥታት ሁሉ የሕጉን ማሻሻያ ያፋጠኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ሥር ሳይሰድድ የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ታወከ። ከተደጋጋሚ ሕመም በኋላ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽነት ታወጀ። አባ ዳኘው ንግግራቸው ተይዞ፣ በችሎት በመጨረሻ ይሰማ የነበረው ቃል ዝም ብሎ ዓመታት አለፉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለብዙ ጊዜ በይፋ ስላልተነገረ፣ ሕዝቡ በስማቸው እየማለ መሟገቱን ቀጠለ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ሕግ ከዛፍ ጥላ ይልቅ ከመጽሐፍ የመነጨ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ተረቀቁ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዝግጅት ቀደም ሲል የማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ቻርልስ ማቲው ተካፍለዋል። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከተለ። በሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች የእንግሊዝና የሕንድ ፈለግ በግልጽ ይታያል፤ ጁሪው ግን አልተወሰደም። አፈርሳታውም ቀርቷል፤ ሰውን በጅምላ አስሮ ከእርሻው ማስፈታት፣ ላልታወቀ ወንጀል አገርን ማስከፈል ከአዲሱ የግል ተጠያቂነት መርህ ጋር አይሄድምና መቅረቱ ተገቢ ነው። የሕዝቡ የፍርድ ድርሻ የቀረው በሽምግልናና በግልግል ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በቤተሰብና በግል ጉዳይ፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖትና በባህል ሕግ እንዲዳኙ መንገድ ከፍቷል፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ም በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል። በወንጀል ክርክር ግን ሕዝቡ በግልጽ ችሎት ተቀምጦ ከማዳመጥ ያለፈ ድርሻ የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ጁሪን እናቋቁም ወይም አናቋቁም የሚል ፈጣን መልስ አይደለም። ሕንድ የወረሰችውን ጁሪ ትታዋለች፤ ማሌዥያም እንዲሁ፤ ለሌሎች ደግሞ የነጻነታቸው ምሰሶ ነው። የምንማረው ጁሪ ባይኖረን እንኳ የማይቀርልን ሁለት ዕዳ እንዳለብን ነው። አንደኛው በእንጦጦው ችሎት የነበረው ነው፤ በማዕርግ ትንሹ ሳይናገር ትልቁ እንዳይፈርድ። ሁለተኛው በዐድዋ ማግስት የጎደለው ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ነገር ለብቻው ሳይታይ ፍርድ እንዳይወድቅ። በቀድሞው ጊዜ የችሎቱ ታዳሚ ክርክሩን ከዳር እስከ ዳር ይከተል ነበር፤ ቋንቋው የእርሱ ነበርና። ዛሬ ከየካና ከወሰን ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ባለጉዳይ፣ የራሱ ጠበቃ በስሙ የሚናገረውን ሳይረዳ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያን ሰው ከችሎቱ በር ላይ አስቁመን ምን እንደ ተፈረደ በሚያውቀው ቃል ብናስረዳው፣ ከአባ ዳኘው ዘመን የወረስነውን መልካሙን ክፍል መመለስ እንጀምራለን።